አድናቂ ለባንድ ስፖንሰር ሲሆን፦ ገንዘቡ ምን ይገዛል? ምንስ መግዛት የለበትም?

በዛንዚባር፣ ስቶን ታውን በሚገኘው ጥንታዊ ምሽግ ከ2004 ጀምሮ የካቲት ወር ላይ "ሳውቲ ዛ ቡሳራ" የተሰኘ የሙዚቃ ፌስቲቫል ይካሄዳል። ስሙ በስዋሂሊ "የጥበብ ድምፆች" እንደማለት ነው። ከምሥራቅ አፍሪካና ከሌሎች የአህጉሪቱ ክፍሎች የሚመጡ ባንዶች ለቀናት በቀጥታ የሚጫወቱበት ይህ መድረክ በ2016 ግን ሳይካሄድ ቀረ። አዘጋጆቹ የሰጡት ምክንያት የገንዘብ እጥረት ነበር።

ፌስቲቫሉ በቀጣዩ ዓመት ተመለሰ። ይሁን እንጂ ለዓመታት ዋነኛ አጋሩ የነበረው የኖርዌይ ኤምባሲ ድጋፍ በ2022 ሲያበቃ ሕልውናው ዳግም ጥያቄ ውስጥ ገባ። አዘጋጆቹም የ2023ቱ 20ኛ ዝግጅት የመጨረሻው ሊሆን እንደሚችል አስጠነቀቁ። ሌሎች ደጋፊዎች በመገኘታቸው መድረኩ ከመዘጋት ተርፏል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዛንዚባሩ ገጠመኝ በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ የሙዚቃ ዝግጅት ለሚያሰናዱ ሰዎች እንግዳ አይደለም። የመግቢያ ትኬት ሽያጭ ብቻውን ወጪን የመሸፈን አቅሙ አነስተኛ ነው። ቀሪው ከኤምባሲ፣ ከባህል ተቋም፣ ከቢራ ፋብሪካ ወይም ከስልክ ኩባንያ ይጠበቃል። ከእነዚህ አንዱ እጁን ሲሰበስብ ደግሞ በቅድሚያ ለመሰረዝ የሚጋለጠው ከሩቅ የሚመጣውና ብዙ አባላት ያሉት ባንድ ነው።

በሌሎች የዓለም ክፍሎች ይህንን ክፍተት በከፊል የሚሞላ አንድ አሠራር አለ። ራሳቸው አድናቂዎቹ አንድ ባንድ መድረክ ላይ እንዲወጣ የሚያስፈልገውን ወጪ ይከፍላሉ። አሠራሩ ምንድን ነው? እንዴት ይሠራል? በቀጣናው ቢሞከርስ የት ላይ ሊሰናከል ይችላል?

የአድናቂ ስፖንሰርነት ምን ማለት ነው?

አንድ አድናቂ ወይም የአድናቂዎች ቡድን፣ አንድ የታወቀ ባንድ በአንድ የታወቀ ፌስቲቫል ላይ እንዲጫወት የሚያስፈልገውን ወጪ በሙሉ ወይም በከፊል የሚሸፍንበት ስምምነት ነው። በአሜሪካ በባህላዊ ጃዝና በብሉግራስ ፌስቲቫሎች፣ እንዲሁም ቁጥራቸው አነስተኛ ቢሆንም እጅግ ታማኝ አድማጮች ባሏቸው የሮክ ሙዚቃ ዝግጅቶች ዘንድ ይታወቃል።

ከትኬት ግዢ የሚለየው ከፋዩ ለራሱ መግቢያ ብቻ ባለመክፈሉ ነው። እርሱ የከፈለለትን ባንድ ትኬት የገዛ ሁሉ ያየዋል፤ ይሰማዋል። ከኩባንያ ስፖንሰርነት የሚለየው ደግሞ በምላሹ የሚሸጠው ዕቃ ስለሌለው ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ስሙ በፕሮግራሙ ላይ መታተሙን፣ ባንዱ ከመጀመሩ በፊት ከመድረክ መመስገኑን፣ ወይም ከሙዚቀኞቹ ጋር ለጥቂት ደቂቃ መጨዋወትን ነው።

መልኩ ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንዱ ሙሉ ስፖንሰርነት ሲሆን አንድ ሰው ወይም ቤተሰብ የባንዱን ወጪ በሙሉ ይሸፍናል። ሁለተኛው የጋራ ነው፤ በርካታ አድናቂዎች እያንዳንዳቸው ድርሻ ይወስዳሉ። ሦስተኛው አንድን የወጪ ዓይነት ለይቶ መክፈል ነው፦ የከበሮ ተጫዋቹ የአየር ትኬት፣ የሁለት ሌሊት ሆቴል፣ የመሣሪያ ማጓጓዣ። ሦስተኛው መንገድ ለከፋዩም ለተቀባዩም ግልጽ ነው፤ ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ በአንድ ደረሰኝ ይታያልና።

አንድ ባንድ መድረክ እስኪወጣ ምን ያህል ወጪ አለ?

ታዳሚው የሚያየው የአንድ ሰዓት ሙዚቃ ነው። ከዚያ አንድ ሰዓት ኋላ ያለውን ወጪ ለመረዳት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ዛንዚባር የሚጓዝ፣ ስምንት አባላት ያሉት የባህል ሙዚቃ ቡድን በምሳሌነት ይወሰድ።

ቡድኑ ስምንት የደርሶ መልስ ትኬት ያስፈልገዋል። ከበሮው ከሻንጣ ጋር ስለማይገባ ለትርፍ ጭነት ይከፈላል። ክራሩና ማሲንቆው እንዳይሰበሩ ጠንካራ ማሸጊያ ይሻሉ። ፓስፖርት ያላወጣ ወይም ጊዜው ያለፈበት አባል ካለ እርሱም ሌላ ወጪና ሌላ ቀጠሮ ነው። ዛንዚባር ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ከውጭ የሚመጣ አዋቂ ጎብኚ 44 ዶላር የሚያስከፍል የጉዞ መድን እንዲገዛ ታስገድዳለች። ለስምንት ሰው ሲሰላ 352 ዶላር ይሆናል። ይህ ገንዘብ በማስታወቂያ ፖስተር ላይ አይታይም፤ ይሁንና ሳይከፈል መግባት አይቻልም።

ፌስቲቫሎች በአብዛኛው ማረፊያን፣ ምግብን፣ በከተማ ውስጥ መጓጓዣንና የመድረክ ድምፅን ይሸፍናሉ፤ አቅማቸው በፈቀደ መጠንም ለባንዱ የሥራ ክፍያ ይሰጣሉ። አውሮፕላኑ ግን በብዙ ትንንሽና መካከለኛ ፌስቲቫሎች ዘንድ የባንዱ ዕዳ ሆኖ ይቀራል። በዚህ የተነሳ ግብዣ ደርሷቸው፣ ስማቸው በዕጩነት ተይዞ፣ ትኬት መግዣ አጥተው የሚቀሩ ቡድኖች አሉ። አንዳንዶቹ ስምንት ሆነው የተመሠረቱትን ቡድን ወደ ሦስት ሰው አሳንሰው ይጓዛሉ። ያኔ አድማጩ የሚሰማው ሌላ ሙዚቃ ነው።

መዳረሻው አሜሪካ ሲሆን ሒሳቡ ይከብዳል። በአገሪቱ ለባህል ሙዚቀኞች የሚሰጠውን "ፒ-3" የተባለ ቪዛ ለማግኘት በቅድሚያ አሜሪካ ያለ ጋባዥ ማመልከት አለበት። የማመልከቻው ክፍያ በሚያዝያ 2024 በተደረገው ማሻሻያ 1,015 ዶላር የደረሰ ሲሆን፣ ለትርፍ ላልተቋቋሙ ድርጅቶችና ለአነስተኛ ቀጣሪዎች 510 ዶላር ነው። ማመልከቻው ከጸደቀ በኋላ እያንዳንዱ ሙዚቀኛ ለኤምባሲ ቃለ መጠይቅ የሚከፍለው 205 ዶላር አለ፤ ለስምንት ሰው 1,640 ዶላር መሆኑ ነው። ቪዛው ቢከለከል ይህ ገንዘብ አይመለስም። ኤርትራ፣ ሶማሊያና ሱዳን ደግሞ በሰኔ 2025 አሜሪካ ይፋ ባደረገችው የጉዞ እገዳ ውስጥ ስለተካተቱ፣ ከእነዚህ አገራት ለሚነሳ ባንድ መንገዱ ራሱ በእጅጉ ጠቧል።

ስለዚህ "ባንድ ስፖንሰር አደርጋለሁ" የሚል አድናቂ በቅድሚያ ማወቅ ያለበት ገንዘቡ ከእነዚህ ወጪዎች የትኛውን እንደሚሸፍን ነው።

ልማዱ ለቀጣናው አዲስ ነው?

ስፖንሰር የሚለው ቃል የውጭ ይሁን እንጂ አድማጭ ለሙዚቀኛ በቀጥታ መክፈሉ በቀጣናው ሥር የሰደደ ባህል ነው። በኢትዮጵያ አዝማሪ ቤቶችና በሠርግ ቤቶች ብር አውጥቶ በአዝማሪው ግንባር ላይ መለጠፍ የታወቀ ሽልማት ነው። ሸላሚው አንዳንዴ "ተቀበል!" ብሎ የራሱን ግጥም ያቀብላል፤ አዝማሪውም በማሲንቆው አጅቦ ይደግመዋል።

በዛንዚባርና በስዋሂሊ ጠረፍ በሚዘወተረው የታራብ ሙዚቃም አድማጮች፣ በተለይ ሴቶች፣ እየተወዛወዙ ወደ መድረኩ ቀርበው ለዘፋኟ ገንዘብ ይሰጣሉ። ድርጊቱ በስዋሂሊ "ኩቱንዛ" ይባላል። የሽልማቱ ጊዜ የሚመረጠው በአጋጣሚ ላይሆን ይችላል። አንዲት ሴት ገንዘቧን ይዛ የምትነሳው ግጥሙ ለተቀናቃኟ መልእክት የሚያስተላልፍበት ቦታ ላይ ሲደርስ ሊሆን ይችላል።

በኮንጎ ሩምባ ዘንድ ደግሞ "ሊባንጋ" የሚሉት አለ። ቃሉ በሊንጋላ ድንጋይ ማለት ነው። ነጋዴዎች፣ ፖለቲከኞችና በአውሮፓ የሚኖሩ ባለገንዘቦች ስማቸው በዘፈን ውስጥ እንዲጠራ ይከፍላሉ። የካሴትና የሲዲ ገቢ በተዳከመበት ዘመን ይህ ክፍያ ለብዙ ሙዚቀኞች የኑሮ መሠረት ሆኗል። በአንጻሩ አንዳንድ ዘፈኖች የስም ዝርዝር እስኪመስሉ ድረስ ደርሰዋል የሚል ትችትም አስከትሏል።

ሦስቱም ልማዶች አንድ ነገር ያሳያሉ። በቀጣናው አድማጭ ለሙዚቃ ለመክፈል ፈቃደኛ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ የሚሰጠው ሙዚቀኛው ዓይን ፊት ቆሞ ሲጫወት ነው። የፌስቲቫል ስፖንሰርነት የሚጠይቀው ደግሞ ሙዚቀኛው ገና ከቤቱ ሳይነሳ፣ ከወራት በፊት መክፈልን ነው። የልማዱ ፈተና እዚህ ላይ ይጀምራል፤ ገና ላልተሰማ ሙዚቃ ገንዘብ ለማውጣት መተማመን ያስፈልጋል።

አድናቂዎች የለወጧቸው ጉዞዎች

በበይነ መረብ አማካይነት ከተደረጉት የአድናቂ ድጋፎች ቀዳሚ ተደርጎ የሚጠቀሰው በ1997 የሆነው ነው። የብሪታንያው ሮክ ባንድ ማሪሊየን ወደ ሰሜን አሜሪካ ለመጓዝ አቅም እንደሌለው ሲሰማ፣ የአሜሪካ አድናቂዎቹ እርስ በርስ ተጻጽፈው 60,000 ዶላር ገደማ አዋጡ። ሐሳቡ የመነጨው ከራሳቸው ከአድናቂዎቹ ነበር። ጉዞውም ተሳካ። ባንዱ ከዚያ ልምድ ተነስቶ በ2001 ያወጣውን አልበም ገና ሳይቀረጽ ለአድናቂዎቹ አስቀድሞ ሸጠ። ኪክስታርተርን የመሰሉ የመዋጮ ድረ ገጾች የመጡት ከዓመታት በኋላ ነው።

በአንድ ባለጸጋ አድናቂ ትከሻ ላይ የቆመ ፌስቲቫልም አለ። የገንዘብ ባለሙያውና የባንጆ ተጫዋቹ ዋረን ሄልማን በ2001 በሳን ፍራንሲስኮ ነጻ የብሉግራስ ፌስቲቫል ጀመረ። የሙዚቀኞቹን ወጪ ከኪሱ ይሸፍን ነበር፤ ታዳሚው ምንም አይከፍልም። ሄልማን በታኅሣሥ 2011 ቢሞትም ፌስቲቫሉ አልተቋረጠም። ምክንያቱ ለቀጣይ ዓመታት የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ ማኖሩ ነበር። አንድ ደጋፊ ሲሄድ መድረኩ አብሮት እንዳይሄድ ከሕልፈቱ በፊት ታስቦበታል።

የኢትዮጵያ ሙዚቃም ከአድናቂዎች ተጠቅሟል። "ዘ ኤክስ" የተባለው የኔዘርላንድስ ባንድ የሳክስፎን ተጫዋቹን የጌታቸው መኩሪያን ሥራ ሰምቶ በመማረኩ፣ በ2004 የተመሠረተበትን 25ኛ ዓመት ሲያከብር ወደ አምስተርዳም ጋበዘው። ሽለላን በሳክስፎን በማንጎራጎር የሚታወቀው አንጋፋ ሙዚቀኛ ከዚያ በኋላ ከባንዱ ጋር "ሞዓ አንበሳ" የተሰኘውን አልበም በ2006 አወጣ፤ በ2016 ከማረፉ በፊትም በተለያዩ የአውሮፓ መድረኮች አብሯቸው ተጫውቷል። ጋባዦቹ ሙዚቀኞች ቢሆኑም ግብዣው የመነጨው ከአድናቂነት ነበር።

የኃይሉ መርጊያ ታሪክም ተመሳሳይ ነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ አሜሪካ ከቀረ በኋላ በዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ነድቷል። አሜሪካዊው የካሴት ሰብሳቢ ብሪያን ሺምኮቪትዝ በ1985 የታተመ ሥራውን ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶ በ2013 ዳግም ሲያሳትመው፣ ኃይሉ ወደ ዓለም አቀፍ መድረኮች ተመለሰ። በ2018 ደግሞ አዲስ አልበም አወጣ። የአንድ አድናቂ ጥረትና ወጪ የአንድን ሙዚቀኛ ሁለተኛ የሥራ ዘመን ከፍቷል።

ገንዘብ የከፈለ ባንድ ይመርጣል?

የአሠራሩ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ፌስቲቫል ታማኝነቱን የሚያገኘው ባንዶቹን በሙዚቃቸው ስለሚመርጥ ነው። አንድ አድናቂ "ይህን ባንድ ብታስገቡት ወጪውን እኔ እሸፍናለሁ" ብሎ ሲመጣና አዘጋጁ ሲቀበል፣ መድረኩ በተዘዋዋሪ ተሸጧል ማለት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ጉዳቱ አይታይም። በሦስተኛው ዓመት ግን ፕሮግራሙ የባለገንዘቦች ወዳጆች ዝርዝር ይሆናል፤ ታዳሚም ይርቃል።

ይህ ስጋት በቀጣናው የራሱ ገጽታ አለው። በውጭ አገር ብዙ ተወላጆች ያሏት ከተማ ወይም ብሔረሰብ ለባንዷ በቀላሉ ስፖንሰር ታገኛለች። ዘመድ ባሕር ማዶ የሌለው የገጠር ቡድን ግን ሙዚቃው የቱንም ያህል ቢበልጥ ወደኋላ ይቀራል። ሙዚቃ ከማንነትና ከፖለቲካ ጋር በቀላሉ በሚያያዝበት አካባቢ ደግሞ የአንድ ስፖንሰር ስም ከመድረክ መጠራቱ ባንዱን የአንድ ወገን አስመስሎት ሊያልፍ ይችላል። አልፎ አልፎም ለራሱ ለከፋዩ አደጋ ሊያመጣ ይችላል።

ለዚህ የሚጠቅመው መፍትሔ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ፌስቲቫሉ በቅድሚያ ገለልተኛ በሆነ መራጭ ቡድን ባንዶቹን ይመርጣል። ከዚያ የተመረጡትን ባንዶችና ለእያንዳንዱ የጎደለውን ወጪ በዝርዝር ይፋ ያደርጋል። አድናቂው የሚመርጠው ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ነው። በዚህ መንገድ ገንዘቡ የተመረጠ ባንድ እንዲደርስ ያደርጋል፤ ያልተመረጠን ግን አያስገባም። ስሙ እንዲጠቀስ የማይፈልግ ከፋይም ሳይጠቀስ የሚያልፍበት አማራጭ ሊኖር ይገባል።

ሁለተኛው ጥበቃ ስለ ሙዚቃው ይዘት ነው። ስፖንሰሩ የሚጫወቱትን ዘፈን፣ የሚወጡበትን ሰዓት ወይም የአባላቱን ማንነት የመወሰን መብት እንደሌለው በጽሑፍ መስፈሩ ለሁሉም ይበጃል። የ"ሊባንጋ" ተሞክሮ ይህ ካልተደረገ ምን ሊከተል እንደሚችል ያሳያል።

ገንዘቡ በየት በኩል ያልፋል?

በጎ ፈቃዱ ቢኖር እንኳ መንገዱ ቀላል አይደለም። ኪክስታርተርና ጎፈንድሚ ዘመቻ መክፈት ከሚፈቅዱባቸው አገራት ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ፣ ኬንያና ታንዛኒያ የሉም። ስለዚህ ዘመቻው የሚከፈተው ብዙውን ጊዜ ውጭ በሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ስም ነው። ገንዘቡም በቅድሚያ ወደዚያ ሰው የግል ሒሳብ ይገባል። ሰውየው የታመነ ቢሆንም እንኳ ሕመም፣ ግብር ወይም ጠብ በመካከል ሊገባ ይችላል።

በቀጣናው ውስጥ ያሉ መንገዶች እየሰፉ ነው። ኬንያ በ2007 የጀመረችው ኤም-ፔሳና ኢትዮጵያ ውስጥ በ2021 ሥራ የጀመረው ቴሌብር ትንንሽ ክፍያዎችን ቀላል አድርገዋል። በኬንያ የ"ሐራምቤ" የመረዳዳት ባህልን ወደ ስልክ ያመጣው ኤም-ቻንጋ ከ2012 ጀምሮ መዋጮ ያሰባስባል። እነዚህ መንገዶች ግን ድንበር ሲሻገሩ ይከብዳሉ። ናይሮቢ ያለ አድናቂ ለአዲስ አበባ ባንድ የአየር ትኬት መግዛት የሚችልበት አጭሩ መንገድ ብዙ ጊዜ ትኬቱን በቀጥታ ከአየር መንገዱ መግዛት ነው።

መካከለኛ ድርጅት ሲኖርም ጥንቃቄ ያሻል። በ2009 በብሪታንያ የተመሠረተው ፕሌጅሚውዚክ የሙዚቀኞችና የአድናቂዎች መገናኛ ሆኖ ለዓመታት ሲመሰገን ቆይቶ፣ በ2019 ለሙዚቀኞች መክፈል ያለበትን ሳይከፍል ፈረሰ። አድናቂዎች ገንዘባቸውን ሰጥተዋል፤ ብዙ ሙዚቀኞች ግን አልደረሳቸውም። የድርጅቱ ችግር የተሰበሰበውን ገንዘብ ከራሱ የሥራ ማስኬጃ ለይቶ አለማስቀመጡ ነበር።

አሜሪካ የሚኖሩ ደጋፊዎች የግብር ሕጉን ማወቅ ይጠቅማቸዋል። ለትርፍ ላልተቋቋመና በሕግ ለታወቀ ፌስቲቫል የሚሰጥ ስጦታ ከግብር ተቀናሽ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሰጪው በምላሹ ትኬት ወይም እራት ካገኘ፣ የሚቀነስለት ከዚያ ዋጋ በላይ የሰጠው ብቻ ነው። ክፍያው ከ75 ዶላር ከበለጠም ድርጅቱ የጥቅሙን ዋጋ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ለአንድ ሙዚቀኛ በግል የተላከ ገንዘብ ግን ምንም ያህል ለበጎ ዓላማ ቢሆን ተቀናሽ አይደለም። እንዲሁም በአሜሪካ ለውጭ አገር ሙዚቀኛ ከሚፈጸም የሥራ ክፍያ ላይ በመደበኛው ሕግ 30 በመቶ ግብር ይያዛል። ስፖንሰሩ 1,000 ዶላር ከፍያለሁ ሲል ባንዱ 700 ዶላር ብቻ ተቀብሎ ሊሆን ይችላል።

ከመክፈል በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አድናቂው የሚሰጠው 50 ዶላርም ይሁን 5,000፣ የሚከተሉትን መጠየቁ ለራሱም ለባንዱም ዋስትና ነው።

• ባንዱ በእርግጥ ተመርጧል? የፌስቲቫሉ የግብዣ ደብዳቤ ወይም ውል አለ? ባንዱ "እየተነጋገርን ነው" ማለቱ በቂ ማረጋገጫ አይደለም።

• ገንዘቡ የትኛውን ወጪ ይሸፍናል? ፌስቲቫሉ የሚከፍለውስ የትኛውን ነው? ሁለቱ ወገኖች ለአንድ ትኬት ሁለት ጊዜ ገንዘብ እንዳይቀበሉ ዝርዝሩ ለሁሉም መታየት አለበት።

• ቪዛ ቢከለከል ወይም ፌስቲቫሉ ቢሰረዝ ምን ይሆናል? የቪዛ ክፍያ አይመለስም፤ ቀኑ የሚቀየር የአየር ትኬት ደግሞ ዋጋው ከፍ ይላል። ቀሪው ገንዘብ ለከፋዩ ይመለሳል ወይስ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆያል?

• የሥራ ክፍያ ካለ ለአባላቱ እንዴት ይከፋፈላል? ድምፃዊው ታዋቂ፣ አጃቢዎቹ ግን የማይታወቁ ሲሆኑ ክፍያው እላይ ሊቀር ይችላል።

• ስፖንሰሩ በምላሹ ምን ያገኛል? ምንስ አያገኝም? ሁለቱም በጽሑፍ ይሁኑ።

• ከዝግጅቱ በኋላ የወጪ መግለጫ ይቀርባል? ደረሰኝ የማየት መብት የጥርጣሬ ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። በዕድርና በማኅበር ባህል ውስጥ ላደገ ሰው ሒሳብ ማሰማት የታወቀ ሥርዓት ነው።

የማይፈታው ችግር

የአድናቂ ስፖንሰርነት ፌስቲቫልን ብቻውን አያቆምም። ሰዎች የሚወዱትን ዘፋኝ ትኬት ለመክፈል ይነሳሳሉ፤ ለጄኔሬተር ነዳጅ፣ ለጥበቃ፣ ለፈቃድ፣ ለመጸዳጃ ቤትና ዓመቱን ሙሉ ለሚሠሩት ጥቂት ሠራተኞች ደመወዝ የሚነሳሳ ግን ጥቂት ነው። ባንዱ ደርሶ መድረኩ ከሌለ ደግሞ ትኬቱ ባክኗል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ስፖንሰርነት ላይ የተወሰነ ድርሻ ለጋራ ወጪ እንዲውል ማድረግ፣ ድርሻውም ስንት እንደሆነ አስቀድሞ መናገር ተገቢ ነው።

መንግሥታትና ትልልቅ ተቋማት ለባህል የሚያወጡትን ገንዘብ ይተካል ብሎ መጠበቅም አይገባም። ጥቅሙ ሌላ ነው። አንድ ኤምባሲ ሲወጣ ፌስቲቫሉ ከዋና ገቢው ትልቁን ክፍል በአንድ ቀን ሊያጣ ይችላል። ከሁለት መቶ አድናቂዎች አሥሩ ቢቀሩ ግን የሚጎድለው ጥቂት ነው። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚለው ብሂል ለሙዚቃ መድረክም ይሠራል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። በአብዛኛዎቹ ፌስቲቫሎች የባንዶች ምርጫ የሚጠናቀቀው ከወራት በፊት ሲሆን፣ የቪዛ ቀጠሮ ለማግኘት ሳምንታት ይፈጃል፤ የአየር ትኬት ዋጋም ቀኑ በቀረበ ቁጥር ሊወደድ ይችላል። ምርጫው ይፋ በሆነ ሰሞን የሚሰጥ የአንድ ትኬት ዋጋ፣ በዋዜማው ከሚሰጥ እጥፍ ገንዘብ ይበልጥ አንድን ባንድ መድረክ ላይ ያደርሳል።